ሲሮጡ የታጠቁት፦ የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ለምን ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል?

በመስከረም መጨረሻ አንድ እሁድ፣ ውቤ በረሃ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበናል። የእህቴ ልጅ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት አልፎ 9ኛ ክፍል ስለገባ የጨዋታው ርእስ እሱ ነበር። «አሁንማ ትንሽ ይረፍ፤ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ ገና 3 ዓመት አለው» አለች እህቴ።

ሁሉም ሲስማማ እኔ ዝም አልኩ። እኔም በዚያ ዕድሜ «አርፌ» ነበርና።

9ኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ሳይገባኝ ዓመቱ አለቀ። በእኛ ጊዜ 10ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ ስለነበር ደንግጬ ነቃሁ፤ አስጠኚ ተቀጠረልኝ፣ ፈተናውንም አለፍኩ። ከሥር ያልተያዘው ሒሳብ ግን እንደጎደለ ቀረ። ምኞቴ ምሕንድስና ነበር፤ መሰናዶ ስገባ ማኅበራዊ ሳይንስ ሄድኩ፣ በቢዝነስም ተመረቅኩ። ዛሬ በማርኬቲንግ ባለሙያነት የምሠራውን ሥራ እወደዋለሁ። መርጬው ነው ብል ግን ውሸት ነው፤ የቀረልኝ እሱ ነበር።

ቀስቃሽ የሌለበት ጊዜ

የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ ያ የ10ኛ ክፍል ድንጋጤ እንኳን የላቸውም፤ ፈተናው ቀርቷል። ከ8ኛ ክፍል በኋላ የሚጠብቃቸው አገር አቀፍ ፈተና የ12ኛው ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍል እስካለፉ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን የሚጠይቀው የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ከ9ኛ ጀምሮ ያለውን ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። መሻሻል አለ፤ ሆኖም አሁንም ከ10 ተማሪ 9ኙ ግማሹን አያመጣም።

የሰፈራችን ልጆች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ አጠገባችን አራት ኪሎ ነው። የውቤ በረሃ ልጅ በዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር እያለፈ ያድጋል፤ ቅርብ ስለሆነ መግባቱም ቅርብ ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲው ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱንም የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ልጁን ከአሁኑ በጭንቀት እንፍጀው ማለቴ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ሊያዙ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቋንቋው የከበደው ልጅ ባዮሎጂውም ታሪኩም ይከብደዋል። በቀን ጥቂት ገጽ ማንበብ ከፈተና በፊት ከሚደረግ የአንድ ወር ሩጫ ይሻላል።

ሁለተኛው ምርጫ ነው። ተማሪው 11ኛ ክፍል ሲገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። ምርጫው በእርግጥ ምርጫ የሚሆነው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትምህርት ሁለቱንም በር ክፍት ካቆየለት ነው። አንድ ትምህርት ስለጠላ ብቻ ወደ ሌላው የሚሸሽ ልጅ እየመረጠ አይደለም።

ሦስተኛው ትራንስክሪፕት ነው። ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክት ተማሪ ብዙ ጊዜ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ውጤት ይጠየቃል። የ9ኛ ክፍል ካርድ ተረስቶ የሚቀር ወረቀት አይደለም።

አራተኛው የጥናት ቦታ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑም እንግዳውም ምጣዱም ባለበት ቤት ማጥናት ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የዓብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሰፈራችን በእግር የሚደረስበት ነው፤ ቅዳሜን እዚያ ማሳለፍ ይቻላል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትም በፒዲኤፍ ስለሚገኙ ስልኩ ለዚህም ያገልግል።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጅ ጥያቄውን ይቀይር። «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት «በዚህ ሳምንት ያልገባህ ምንድን ነው?» እንበል።

እኔም በዚያ እሁድ ይህንኑ ጠየቅኩት። ልጁ እናቱን አየት አድርጎ የሒሳብ ደብተሩን አመጣና አንድ ገጽ አሳየኝ። «ይሄ አልገባኝም፤ ግን ክፍል ውስጥ አልፈነዋል» አለኝ። ትምህርት ከተጀመረ ገና ሳምንታት ቢሆኑት ነው።

«አንቺ ደግሞ! ልጁን አታስጨንቂው» አለችኝ እህቴ። ያን ገጽ ግን አብረን ሠራነው፤ ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብንም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የጎደለኝ ምናልባት እንዲህ ዓይነት ጥቂት ሃያ ደቂቃዎች ነበሩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። መቀነቱ የሚጠብቀው ሳይሮጡ፣ በእርጋታ ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ 9ኛ ክፍል ነው።

ባለፈው እሁድ እናቴ ቡና ልትቆላ ምጣዱን ስትጥድ፣ እህቴ ወደ ልጇ ዞረች። «በል፣ ቡናው እስኪደርስ ደብተርህን አምጣ» አለችው።