ጠመንጃ በስንት ጥይት ይታመናል?

አልሞ ተኳሽ በሚከበርበት በመንዝ፤ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ስለ አንድ ጠመንጃ ሲወራ «አይስትም» ከሚለው ቃል የበለጠ ምስጋና የለም። ለመሆኑ አንድ ጠመንጃ አይስትም ለመባል ስንት ጊዜ ተተኩሶ መታየት አለበት? ወጣቱ አንባቢያችን ይህን ጥያቄ የተኳሾች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ እንዳያልፈው እንለምናለን።

እንደሚታወቀው ባገራችን ጥይት የጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበረ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ይመነዘር ነበር። ውጅግራ የተባለውም እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዮች ለጦራቸው የተቀበሉት «ፉዚል ግራ» በኛ አንደበት ተለውጦ ነው። እንግዲህ አንድ ባላገር ጠመንጃውን ለመፈተን አሥር ጥይት ቢተኩስ አሥር ጊዜ ገንዘቡን ወደ ገደል እንደ መወርወር ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ ደጋና ቆላ ጠላትን ሲወጋ ለኖረው አርበኛማ ጥይት በደም የሚገኝ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ በአንድና በሁለት ጥይት ቢመሰገን የሚያስነቅፍ አይደለም።

ደግሞም ይህ ልማድ የባላገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር በዊምብልደን የመጀመሪያውን ውድድር ሲከፍት ንግሥት ቪክቶሪያ በብረት መደገፊያ ላይ የተጠመደውን የዊትዎርዝ ጠመንጃ ገመድ ስበው አስተኮሱት። ጥይቱ 366 ሜትር ያህል ተጉዞ ከዒላማው እምብርት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ አረፈ። ይሁን እንጂ ይህን የሠራው የጠመንጃው ጥራት ይሁን ወይም ዕድል፤ አንድ ጥይት ብቻውን አይናገርም።

እውነተኛውን ልክ ለማግኘት አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው የጥይቶቹ መካከለኛ ቦታ ከዒላማው እምብርት መራቁ ነው፤ ይህ ማነጣጠሪያውን በማረም ይቃናል። ሁለተኛው ጥይቶቹ እርስ በርሳቸው መበታተናቸው ነው፤ ይህ ግን የጠመንጃው፤ የጥይቱና የተኳሹ ጠባይ ስለ ሆነ ማነጣጠሪያ አያድነውም። መበታተኑን ብዙ ሰው የሚለካው በጣም በተራራቁት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህ ልክ ግን ጥይቱ በበዛ ቍጥር ይሰፋል። በሦስት ጥይት በአማካይ 10 ሳንቲ ሜትር የሚበትን ጠመንጃ በአሥር ጥይት 16 ያህል ይበትናል። ጠመንጃው አልተበላሸም፤ የተደበቀው ጠባዩ ተገለጠ እንጂ። የሚሻለው ሃያ ወይም ሠላሳ ጥይት በተለያየ ቀን ተኩሶ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከመካከሉ ምን ያህል እንደ ራቀ ለክቶ፤ ደምሮ ማካፈል ነው። ያማረውን ወረቀት አሳይቶ የከፋውን የሚደብቅ ሻጭ ግን በሬውን ሸጦ የመጣውን ገዢ ያታልላል።

ያገሩም ጠባይ ይገባበታል። 3000 ሜትር በሚደርሰውና ከዚያም በሚያልፈው የመንዝ ደጋ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፤ ማነጣጠሪያው በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃ በሩቅ ርቀት ከታለመለት ከፍ ብሎ ይመታል። ከአምባው ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ሲተኮስም እንዲሁ ነው፤ የምድር ስበት ጥይቱን የሚያወርደው በአግድሙ ርቀት ልክ እንጂ በቁልቁለቱ ርዝመት ልክ አይደለምና። ስለዚህ «ሳተ» ከማለት በፊት የት ሆኖ እንደ ተተኰሰ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ወደ ራሳችን ይመልሰናል። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ወረዳ የሚላክ ወጣት ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር ሁለት ሦስት ባለጉዳዮችን አይቶ «ያገሩ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ፤ በሦስት ጥይት ጠመንጃ ከሚያመሰግነው ሰው በምን ይለያል? በዚያ ሪፖርት ግን ተፈርዶበት የሚቀረው ሕዝብ ነው። ባላገሩን ያስቸኰለው የጥይት ውድነት ነበር፤ ለኛ ግን አንድ ባለጉዳይ ጨምሮ መጠየቅ ምን ያህል ያስከፍለናል?