ታክስ ስንፈርም የምንሰጠው ምስክርነት

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

የረመዳን ወር አልፎ ሸዋል ሲገባ በአሜሪካ የምንኖር ቤተሰቦችን አንድ ሌላ ቀጠሮ ይጠብቀናል። የ2025 ገቢ ታክስ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ማለትም ሚያዝያ 7 ቀን 2018 ነው። ብዙዎቻችን ወረቀታችንን በላስቲክ ቋጥረን ለአዘጋጁ እንሰጥና «የት ልፈርም?» ብለን እንወጣለን። የምንፈርምበት ቅጽ ግን የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ እንደምንጠየቅ የሚገልጽ ቃል አለበት። ስለዚህ ፊርማው ምስክርነት ነው። የሐሰት ምስክርነት ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ወንጀሎች መካከል እንደቆጠሩት በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ተላልፎልናል። «መንግሥት ነው፣ የሙስሊም ገንዘብ አይደለም» የሚለው ምክንያት ይህን አይለውጠውም። ወደዚህ አገር ስንገባና ስንኖር የገባነው ቃል አለ፤ ቃል መጠበቅም የሙእሚን ግዴታ ነው።

ገንዘብ ባይኖርም ቅጹ ይግባ

«የምከፍለው ስለሌለኝ ዘንድሮ አላስገባም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህ ዕዳውን ያከብደዋል። ቅጹን ሳያስገቡ መቅረት ካልተከፈለው ታክስ ላይ በየወሩ 5 በመቶ ያስቀጣል፤ ጣሪያው 25 በመቶ ነው። ቅጹን በጊዜው አስገብቶ ሳይከፍሉ መቆየት ግን በየወሩ የሚያስቀጣው ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። 2,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው አንድ ወር ቢዘገይ በመጀመሪያው መንገድ ቅጣቱ ወደ 100 ዶላር ይደርሳል፤ በሁለተኛው 10 ዶላር ይሆናል። በሁለቱም ላይ ወለድ ይጨመራል።

ወረቀት ያልተሟላለት ሰው እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ቅጽ 4868 ቢያስገባ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ያገኛል። ልብ በሉ፤ የሚራዘመው የማስገቢያው ጊዜ ነው፣ የመክፈያው አይደለም። ግምቱን አስልቶ የቻለውን ያህል አብሮ መክፈል አለበት። ለቀረው ዕዳ ከአይ.አር.ኤስ ጋር በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይቻላል። ነገር ግን ወለድ ስላለበት አቅም ያለው ሰው በጊዜው ከፍሎ ይገላገል።

የራሳቸው ሥራ ላላቸው

ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ በቤታችሁ ልጅ የምትጠብቁ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ መጀመሪያ ገቢያችሁን ሙሉ አድርጉ። 1099 የሚባለው ወረቀት አልደረሰኝም ማለት ገቢ አልነበረኝም ማለት አይደለም። በእጅ የተቀበላችሁት ጥሬ ገንዘብም ይቆጠራል። በሌላ በኩል በኩባንያው ወረቀት ላይ የሚታየው ድምር ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ኩባንያው የቆረጠው ድርሻ ወጪ ሆኖ ይቀነሳል። ይህን ሳያዩ ድምሩን ብቻ መሙላት ያልበላችሁትን ያስከፍላችኋል።

ለመኪና ወጪ በ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነሳል። በዚህ ስሌት ውስጥ ነዳጅና ጥገና ስላሉ ለብቻ አይደገሙም። በዘፈቀደ «30,000 ማይል» ማለት ግን አይገባም፤ ቀኑን፣ የተሄደበትን ቦታ፣ ማይሉንና ምክንያቱን የሚያሳይ መዝገብ ሊኖር ይገባል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282፣ ዕዳን ስለመጻፍ የሚናገር መሆኑን እናውቃለን። እንዲህ ያለ ሃይማኖት የተሰጠው ሕዝብ ደረሰኝ የማይይዝ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ከወጪ ቀሪ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከገቢ ታክሱ ሌላ 15.3 በመቶ ገደማ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይከፍላል። ብዙ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የሚደነግጠው በዚህ ነው።

በሆቴል፣ በፓርኪንግና በምግብ ቤት ለምትሠሩ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ጉርሻና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በተወሰነ ጣሪያ ከገቢ ታክስ የሚቀነስበት ሕግ ወጥቷል። አዘጋጃችሁን ስለዚህ ጠይቁ።

ቤተሰብን በሚመለከት

ከ17 ዓመት በታች ለሆነና ሶሻል ሴኩሪቲ ላለው ልጅ በ2025 እስከ 2,200 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት አለ። የሚገባችሁን መውሰድ ሐላል መብታችሁ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ማስመዝገብ፣ ልጆችን በ«ውሰድ፣ ልስጥህ» መለዋወጥ ግን ማጭበርበር ነው። ኢትዮጵያ ያሉ እናትና አባት፣ ወንድምና እህት ምንም ያህል ብንጦራቸው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆኑ በታክስ ላይ አይመዘገቡም። አገር ቤት ከአያቱ ጋር ያለ ልጅ ካላችሁም ነገሩን ሳትደብቁ ጠይቁ፤ ለአንዳንዱ ክሬዲት ልጁ ከዓመቱ ግማሽ በላይ በአሜሪካ አብሯችሁ መኖር አለበት።

ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ እያንዳንዳቸው ያላገባ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ ብለው መሙላትም ተለምዷል። በሕግ ተጋብተው አብረው የሚኖሩ ሰዎች ይህን ማድረግ አይችሉም። ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን ክሬዲት በቸልተኝነት ያለአግባብ የወሰደ 2 ዓመት፣ በማታለል የወሰደ 10 ዓመት ይከለከላል። እህቶችም ስሙ፦ ከባላችሁ ጋር በጋራ ከፈረማችሁ ለሙሉው ዕዳ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ባንክ የጨመረው ወለድም ቢሆን ለራሳችን የማንጠቀምበትና የምናስወግደው ሆኖ ሳለ በገቢነት መመዝገብ አለበት።

አዘጋጁን ምረጡ

በክፍያ የሚሠራ አዘጋጅ በቅጹ ላይ መፈረምና ፒቲን የሚባለውን ቁጥሩን መጻፍ አለበት። ስሙን ሳይጽፍ «አንተ ራስህ እንደሠራኸው ይሁን» የሚላችሁን፣ ባዶ ቅጽ የሚያስፈርማችሁን፣ ክፍያውን ከሪፈንዱ በመቶኛ የሚቆርጠውን፣ ሪፈንዱን ወደ ራሱ ሒሳብ የሚያስገባውን ሽሹ። ጥያቄው ሲመጣ የሚመጣው በእናንተ ስም ነው። «ሪፈንድህን ዛሬውኑ ላበድርህ» የሚሉም አሉ፤ ወለድ ካለበት ሪባ ነው፣ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይሻላል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቪታ በሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራል።

ዘካና ሰደቃ

ታክስ ዘካን አይተካም። ዘካ ኒያ ያለው ዒባዳ ነው፤ ተቀባዮቹም በአት-ተውባ 60 የተዘረዘሩት ስምንቱ ናቸው። እዚህ ላለ መስጂድ የሰጣችሁትን፣ ወጪያችሁን ዘርዝራችሁ የምታቀርቡ ከሆነ መቀነስ ትችላላችሁ። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ የመስጂዱን ደብዳቤ ያዙ። ለዘመድ በሐዋላ የላክነው ግን አይቀነስም፤ ምንዳው አላህ ዘንድ ነው።

በመጨረሻም ባለፉት ዓመታት ስሕተት ያስገባ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። 1040-ኤክስ በሚባለው ቅጽ ማስተካከል ይቻላል። የተውባ አንዱ ሸርጥ ሐቅን ለባለሐቁ መመለስ ነውና ሰው ሳይጠራው ራሱ ይሂድ። ለልጆቻችን የምናበላው እያንዳንዱ ጉርሻ ከዚህ ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። አላህ ሲሳያችንን ሐላል፣ ቃላችንን እውነት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።