ክትክታም ይተከላል እንዴ?

ከሦስት ዓመት በፊት ላሊበላ በተከራየነው ቤት ደጃፍ ሁለት የጽጌረዳ ችግኞች ተክለን ነበር። ከአዲስ አበባ ድረስ ታቅፈን ያመጣናቸው ናቸው። ክረምቱን አጌጡልን፤ ጥር ሲገባ ግን የቤቱን ውሃ ይሻሙ ጀመር። የቤቱ እመቤት አንድ ቀን ጀሪካናቸውን ከጀርባቸው እያወረዱ፥ «ልጄ፥ እኔ የምቀዳው ለሰው ነው ወይስ ለአበባ?» ቢሉን መልስ አጣን። ጽጌረዳዎቹም መጋቢትን ሳያዩ ደረቁ።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ስንል ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ለምልሞ ያገኘነው ክትክታ ነው። ዘሩን ስንለቅም የጎረቤት ተማሪ አይቶን፥ «ክትክታም ይተከላል እንዴ? እሱ'ኮ ማገዶ ነው!» ብሎ ሣቀብን።

ልጁ አልተሳሳተም፤ ክትክታን የምናውቀው በምድጃ ነው። ትግሬው ጣህሰስ፥ ኦሮሞው ኢታቻ የሚለው ይህ ቍጥቋጦ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም። ቀጭንና አብረቅራቂ የሆነው ቅጠሉ ሙጫ የተቀባ ያህል ይጣበቃል፤ ይህም ልባስ እርጥበቱን ይቈጥብለታል። ከብትና ፍየልም እምብዛም አይደፍሩትም፤ አጥር በሌለበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ ዶዶኒያ የሚሉት በ16ኛው መቶ ዓመት በነበረው የፍላንደርስ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ በሬምበርት ዶዶንስ ስም ነው። አውስትራሊያ የሰፈሩ አውሮፓውያን ደግሞ ፍሬውን በጌሾ ፈንታ ቢራ ጠምቀውበታል። (እኛ ጠላችንን በክትክታ እንጥመቅ አላልንም!)

አተካከሉ ብዙ ጥበብ አይፈልግም። ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ስለሚበቅሉ ዘሩ የሚለቀመው ባለ ክንፍ ፍሬ ካንጠለጠለው ነው። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነውና የፈላ ውሃ አፍስሶበት ማሳደር ይበጃል። በየካቲት በላስቲክ ከረጢት ቢዘራ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳል። ውሃ የሚቋጥር መሬት ግን አይስማማውም። ለአጥር የተፈለገ እንደ ሆነ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ተክሎ እየከረከሙ ማስተካከል ነው።

ጥላው ለመቀመጫ አይበቃም፤ አበባውንም ማንም ለሙሽራ አይሰጠው። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የምታዝዙ ወጣት ሹማምንት፥ ሐምሌ ላይ የተተከለው ችግኝ ሁሉ ይቈጠራል፤ ግንቦት ላይ የቀረውንስ ቈጥራችሁ ታውቃላችሁን? ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ዋናው ዝናቧም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ወራት ችግኙ የሚያልፈው በሰው ሸክም ውሃ ወይም በራሱ ጉልበት ነው።

የእኛዎቹ ስድስት ክትክታዎች የመጀመሪያውን በጋ ያለፉት በሳምንት አንድ ጣሳ የእጅ እጣቢ እየተሰጣቸው ነው። ዘንድሮ እሱንም አልጠየቁን፤ ቁመታቸውም ከጉልበታችን አልፏል። የቤቱ እመቤት ግን ባዩዋቸው ቍጥር፥ «አሁን ይህን ለመትከል ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» ማለታቸውን አልተዉም።