«ጆሮ ዳባ ልበስ» ከማለትዎ በፊት

ልጅዎን ሦስት ጊዜ ጠርተውት ዝም ይላል። ዞር የሚለው በአራተኛው፣ ድምፅዎን ከፍ ሲያደርጉ ነው። ቴሌቪዥንም ድምፁ ካልጨመረ አይጥመውም። «ይሄ ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል» ብለው ይቆጣሉ። ግን እምቢ ብሎ ነው ወይስ አልሰማም?

የመስማት ችግር ሲባል ብዙዎቻችን ጭራሽ የማይሰማ ልጅ ይታየናል። በር ሲንኳኳ የሚሰማ ልጅ ግን ቀስ ብለው ሲያወሩት ላይሰማ፣ ወይም በአንድ ጆሮው ብቻ ሊሰማ ይችላል። «ይሰማል እኮ!» ማለት ስለዚህ አይበቃም። ሕክምናውን የሚወስነውም ችግሩ ያለበት ቦታ ነው።

ድምፁ መንገድ ላይ ሲታገድ
ኩክ ሲደድር፣ ታምቡር ሲቀደድ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም ድምፅ ወደ ውስጠኛው ጆሮ በደንብ አይደርስም። ፈሳሹ ላያም ስለሚችል ሳይታወቅ ይከርማል። ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይታከማል። ዘይት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ መጨመርና በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ሲጎዳ
ከዘር ሊመጣ ይችላል። ያለጊዜው መወለድ፣ ከባድ የአራስ ልጅ ቢጫ መሆን፣ ማጅራት ገትር፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችና ከፍተኛ ድምፅም ያስከትሉታል። ብዙውን ጊዜ ቋሚ ነው። ልጁን የሚያግዙት የመስሚያ መሣሪያ፣ ኮክሌር ኢምፕላንትና የምልክት ቋንቋ ናቸው።

ሁለቱ ሲደራረቡ
ነርቩ የተጎዳበት ልጅ ጆሮው ሲያመረቅዝ የቀረችው መስማትም ትቀንሳለች። የማመርቀዙ ሲታከም ግን የተወሰነው ይመለሳል።

ለምን ይቸኩላሉ?
ልጅ ቋንቋ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ባለሙያዎች ሕፃን በ1 ወሩ እንዲመረመር፣ ችግር ካለበት በ3 ወሩ እንዲለይና በ6 ወሩ ድጋፍ እንዲጀምር ይመክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል። ክትባቱን በወቅቱ ማስጨረስ አንዱ መንገድ ነው።

እነዚህን ካዩ ሐኪም ያማክሩ
• አራስ ልጅ በኃይለኛ ድምፅ ካልደነገጠ
• በ6 ወሩ ወደ ድምፅ ካልዞረ
• በዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካላወቀ
• ተማሪው «ምን?» ማለት ካበዛ ወይም ውጤቱ ካሽቆለቆለ
• ከጆሮው መግል ከፈሰሰ

ቤት ውስጥ ማጨብጨብ ምርመራ አይተካም። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወስደው የመስማት ምርመራ ይጠይቁ።

ነገ ጠርተውት ዝም ካለ ከመቆጣትዎ በፊት ጠጋ ብለው ፊት ለፊት ያናግሩት። ፊትዎን ሲያይ የሚመልስ፣ ሳያይዎ ግን ዝም የሚል ከሆነ ቀጠሮ ይያዙለት።