«ማጨስ ትቻለሁ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል?

በአምቦም ይሁን በጉደር፣ በጊንጪም ይሁን በጌዶ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ሲቀርብ «አቁም» ይባላል። ከወር በኋላ ተመልሶ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ትቻለሁ» ይላል። በእርግጥ ትቶ ይሆን? ጥያቄው ሰውን ለመክሰስ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የአስምና የልብ ሕክምና ውጤት ከዚህ መልስ ጋር የተያያዘ ነው።

ሰው ለምን ይደብቃል?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። ነገር ግን አጫሹ ጥቂት በሆነበት ቦታ፣ በተለይም ማጨስ እንደ ነውር በሚታይበት በምእመናን መካከል፣ ኀፍረቱ ይበዛል። ኀፍረት ደግሞ ሰውን ያስዋሻል። እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ስኮትላንድ ነፍሰ ጡር እናቶች በታተመ ጥናት «አጨሳለሁ» ያሉት 24 በመቶ ሲሆኑ፣ የደም ምርመራው ግን 30 በመቶ አሳይቷል።

በምን ይረጋገጣል?

1. በትንፋሽ። ሕመምተኛው ትንፋሹን ለ15 ሰኮንድ ያህል ይዞ ወደ ትንሽ መሣሪያ ይተነፍሳል። መሣሪያው ከጭስ የሚገባውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለካል። ውጤቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ነገር ግን ጋዙ በአንድ ቀን ገደማ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ ከትናንት ጀምሮ ብቻ ያቆመ ሰውም ሊያልፍ ይችላል። ሱረት የሚስብ ሰው ደግሞ ጭስ ስለሌለው በዚህ አይታወቅም።

2. በምራቅ፣ በሽንት ወይም በደም። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ኮቲኒን ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ይህ ለሦስትና አራት ቀናት ያህል ይገኛል፤ ሱረትንም ያሳያል። ሆኖም ለማቆም እንዲረዳው የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር የታዘዘለትን ሰው አጫሽ ሊያስመስለው ይችላል።

3. በጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር የቀረበ መለኪያ ስድስት ወር ሙሉ መከታተልን ይጠይቃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ከአምስት ሲጋራ በላይ ያጨሰ እንደተወ አይቆጠርም። ለምርመራ ሳይመለስ የቀረም እንዳጨሰ ይቆጠራል።

ከመፍረድ በፊት

በአካባቢያችን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥላ ቡና ያፈላች እናት ሲጋራ በአፏ ሳይገባ ትንፋሿ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «ዋሸሽ» ከማለቱ በፊት «ዛሬ ቤት ውስጥ ምን ነደደ?» ብሎ ይጠይቅ። መስኮት እንድትከፍትም ይምከራት፤ ያ ጋዝ ከየትም ይምጣ ጎጂ ነው።

አጠያየቁም ዋጋ አለው። «ትተሃል አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን «አዎ» አድርጎ ያስገድዳል። «ባለፉት ሰባት ቀናት አንዲትም ብትሆን አጭሰዋል?» የሚለው ግን እውነቱን ለመናገር በር ይከፍታል።

ቤተ ክርስቲያንስ?

ወገኖች፣ ማጨስ ያቆመ ወንድም በሳምንቱ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲመሰክር አናጣድፈው። ሱስ በባሕርዩ ያገረሻል፤ ብዙዎች ደጋግመው ሞክረው ነው የሚላቀቁት። በጉባኤ ፊት «ነጻ ወጥቻለሁ» ያለ ሰው ቢወድቅ ለሐኪሙም ለሽማግሌውም መናገር ያፍራል፤ ያኔ እርዳታው ይቋረጣል። የምርመራው ውጤትም የሕመምተኛው ምስጢር ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለማንም አይነገርም።

በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን በጤና ባለሙያ ፊት ሲውጡ ኖረዋል። ይህ የተደረገው ሐሰተኞች ናቸው ተብሎ ሳይሆን እንዲድኑ ተፈልጎ ነው። የትንፋሹም ምርመራ እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ያየ ሰው ይበረታታል፤ ከፍ ብሎ ያገኘውም ብቻውን እንዳይቀር አጠገቡ እንቁም።