«እጮኛዬን ደጋግሞ የሚጥለው መተት ነው ወይስ ወባ?»

ደብዳቤው የመጣው ከአዳማ ነው። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ስሜን አደራ እንዳታወጪ ብላኛለችና አላወጣም። እጮኛዋ መተሐራ አካባቢ እርሻ ላይ ይሠራል።

«በመስከረም ወባ ጣለው፤ ታከመ፣ ዳነ። በኅዳር ደገመው። በጥር ሠለሰው። እናቱ ‹የድሮ ወዳጁ አስደርጋበት ነው፤ ይኼ ሳይፈታ ሠርግ የሚባል ነገር የለም› አሉ። አንድ አዋቂ ደግሞ ‹ከዚሁ በሽታ 5 ሰው አድኛለሁ› ብሎ 4,000 ብር ጠየቃቸው። ብሩ ለሠርጋችን ያስቀመጥነው ነው። ጤና ጣቢያ የሰጡትን የ14 ቀን ኪኒን ግን በአራተኛው ቀን ሲሻለው ጥሎታል። ምን ላድርግ?»

እኔ እንግዲህ ሐኪም አይደለሁም፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ነኝ። ለዚህች ልጅ ጥያቄ ግን መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው መተሐራ ነው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ተንኮለኛ ነው። ደም ውስጥ ያለውን በመድኃኒት ትገድሉታላችሁ፤ ከፊሉ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃና ያው ትኩሳት፣ ያው ብርድ ብርድ ማለት ይመለሳል። መስከረም፣ ኅዳር፣ ጥር... መተት ሳያስፈልገው በራሱ ቀጠሮ የሚመጣ በሽታ ነው። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን የሚባለው ኪኒን ነው። ልጁ በአራተኛው ቀን የጣለው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

«ይሠራል ብለው ነው እንጂ ማን አየው?» የሚል አይጠፋም። ታይቷል! እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 በአፍጋኒስታን፣ በኢንዶኔዥያ፣ በቬትናምና በኢትዮጵያ አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከኢትዮጵያ የተመረጡት ሁለት ቦታዎች አርባ ምንጭና መተሐራ ናቸው። ውጤቱ በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቫይቫክስ የተገኘባቸው ከ2,300 በላይ ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ደሙን የሚያጠራው የተለመደው መድኃኒት ለሁሉም ተሰጠ፤ ማንም ሳይታከም አልቀረም። ከዚያ አንዱ ቡድን ፕሪማኪንን ለ14 ቀን ወሰደ። ሌላው ያንኑ ጠቅላላ መጠን በ7 ቀን ጨረሰ። ሦስተኛው ቡድን መልኩ አንድ፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ኪኒን ተሰጠው፤ ሐኪሞች ፕላሴቦ ይሉታል። የ7 ቀኖቹም በቀሪው ሳምንት ይህንኑ ባዶ ኪኒን ዋጡ። የትኛው ባዶ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቁም። ለምን? የሚያውቅ ሰው ልቡ ያዳላላ! «መድኃኒቱን ወስዷል» ካልከው ትንሽ ራስ ምታት ብትይዘው ድካም ነው ይላል፤ «አልወሰደም» ካልከው ወባ ነው ይላል።

ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። ባዶውን የወሰዱት በአማካይ በሰው በዓመት 0.96 ጊዜ አገረሸባቸው፤ 100 ሰው ብትወስዱ በዓመት 96 ጊዜ ማለት ነው። የ7 ቀኖቹ 18 ጊዜ፣ የ14 ቀኖቹ 16 ጊዜ።

እዚህ ላይ አንድ ብልጥ «መተሐራ ትንኝ ሞልቶ! እንደገና ተነክሰው ቢሆንስ?» ይል ይሆናል። ልክ ነው፣ አንዳንዱ አዲስ ንክሻ ሊሆን ይችላል። ግን በዕጣ ስለተከፈሉ ትንኟ ሦስቱንም ቡድን ያለ አድልዎ ነው የምትነክሰው። የዕጣው ጥቅም ይኼ ነው።

ደግሞ አማካይ መሆኑን አትርሱ። ባዶውን ከወሰዱት አንዱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲወድቅ፣ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ደህና ይከርማል። አዋቂው አዳንኳቸው የሚላቸው 5 ሰዎች ምንም ባይሰጣቸውም ደህና ይከርሙ የነበሩት ይሆኑ ይሆናል። እሱ ዘንድ ሄደው ያገረሸባቸውንስ ማን ቆጠራቸው? ሊያወዳድር የሚችል ሌላ ቡድን የለውም፤ 4,000 ብር የሚጠይቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 18 እና 16 ይለያያሉ ወይስ አይለያዩም? ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውሩ። 6 ዘውድ 4 ጎፈር ቢወጣ ሳንቲሙ ተደግሞበታል የሚል የለም። 10ሩም ዘውድ ከሆነ ግን ሳንቲሙን ገልብጣችሁ ታያላችሁ። የስታቲስቲክስ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ «ልዩነት የለም እንበል» ብለው ይነሳሉ። ቀጥለው «እውነት ልዩነት ከሌለ፣ በዕድል ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት ከመቶ ስንት ጊዜ ይታይ ነበር?» ብለው ያሰላሉ። በልማድ ከመቶ 5 ጊዜ በታች ከሆነ ዕድል ነው የሚለው ሐሳብ ይጣላል። በ7ቱና በ14ቱ ቀን መካከል መልሱ ከመቶ 34 ጊዜ ያህል ሆነ። እንግዲህ ይኼ የ6 ለ4 ዓይነት ነው፤ የሚያስደንቅ አይደለም።

ግን ልዩነት አልታየም ማለት እኩል ናቸው ማለት አይደለም እኮ! ይህን ስለሚያውቁ አጥኚዎቹ ሥራውን ሳይጀምሩ ወሰን አበጅተው ነበር፤ 7 ቀኑ ከ14 ቀኑ ቢብስ ከመቶ ሰው በዓመት ከ7 ጊዜ በላይ መባስ የለበትም አሉ። የዕድሉን ጫፍ ጨምረው ሲያሰሉት ቢበዛ 5 ሆነ። አለፈ።

ባዶው ኪኒንስ? የዕድሉን ጫፍ ብትጨምሩለትም ከመቶ ሰው ከ83 በታች አይወርድም፤ የመድኃኒቶቹ ደግሞ ከ21 በላይ አይወጣም። አይገናኙም። ይኼ 10ሩም ዘውድ ነው።

ታዲያ 7 ቀን ከበቃ 14 ቀን ለምን? በየቀኑ የሚዋጠው መጠን እጥፍ ስለሚሆን። ከመድኃኒቱ ጋር ሊያያዝ የሚችል ከባድ ጉዳት ከ7 ቀኖቹ 935 ሰዎች በ9ኙ፣ ከ14 ቀኖቹ 937 ሰዎች በ1ዱ ላይ ታይቷል። እነዚህ እንኳ አስቀድሞ ደማቸው የተመረመረ ነበሩ። ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባል ነገር ደማቸው ውስጥ የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፤ ፕሪማኪን ቀይ የደም ሴላቸውን ይሰባብረዋል። ስለዚህ ማንም በራሱ ፈቃድ ገዝቶ እጥፍ እንዳይውጥ! ነፍሰ ጡር ጭራሽ አትወስደውም።

እህቴ፣ ልጁን ይዘሽው ጤና ጣቢያ ሂጂ። የትኛው የወባ ዓይነት እንደሆነ ጠይቂ፤ ኪኒኑን እንደጣለው ሳትደብቂ ተናገሪ፤ የደም ምርመራውንም ጠይቂ። ካዘዙለት ምግብ በልቶ ይዋጠው፤ በአራተኛው ቀን ቢሻለውም እስከ መጨረሻው። ሽንቱ ጠቆር ካለ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ይመለስ። ለእናቱ ደግሞ በለሆሳስ ንገሪያቸው፤ ደንግጠው ነው እንጂ ክፉ ሴት አይመስሉኝም። ብሩን ግን አዋቂው ጋ እንዳያደርሱት ባንክ አስገቢው። ኪኒኑን ጨርሶ ትኩሳት ከመለሰበት ደግሞ ጻፊልኝ።