ኤሮኖቲካል ወይስ ኤሮስፔስ? ልጆቻችን ከመምረጣቸው በፊት ልዩነቱን እንወቅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በየቤቱ ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ «ምን ላጥና?» የሚለው ነው። ሒሳብና ፊዚክስ የሚወዱ ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ አውሮፕላንና ሮኬት ሲያቀኑ ኤሮኖቲካል እና ኤሮስፔስ ምህንድስና የሚሉ ሁለት ስሞች ያጋጥሟቸዋል። ብዙዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ያያሉ፤ ከአብራሪነት ጋር የሚያምታቱም አሉ። ምርጫው የዓመታት ልፋትንና የቤተሰብን ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ኤሮኖቲካል ምህንድስና በከባቢ አየር ውስጥ ስለሚበሩ አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮችና ድሮኖች ንድፍና አሠራር ያጠናል። ኤሮስፔስ ሰፋ ያለ ስም ነው፤ ኤሮኖቲካልን ይይዝና አስትሮኖቲካል የሚባለውን የሮኬት፣ የሳተላይትና የጠፈር መንኮራኩር ዘርፍ ይጨምራል።

ሁለቱን የሚለየው አየር ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ያለ አየር ሊያነሳ አይችልም፤ የጄት ሞተርም ነዳጁን የሚያቃጥለው ከውጭ በሚስበው አየር ነው። ሮኬት ግን አየር ወደሌለበት ስለሚሄድ ለማቃጠያ የሚሆነውን ኦክስጅን ጭምር ተሸክሞ ይነሳል። የመንገደኞች ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር፣ ለምድር ቅርብ በሆነ ምህዋር የሚዞር ሳተላይት በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አውሮፕላን ሲበላሽ ሃንጋር ገብቶ ይጠገናል፤ ሳተላይት ከተወነጨፈ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ መፍቻ ይዞ የሚደርስለት የለም። ስለዚህ የጠፈር መሐንዲስ ከባዱን ፍተሻ ምድር ላይ ይጨርሳል።

ታሪኩም ይህንኑ ይከተላል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኖረው ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር እንደሞከረ ይነገራል፤ በጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድም በስሙ ተሰይሟል። በሞተር የሚበር አውሮፕላን በ1903 (እ.ኤ.አ.) በራይት ወንድማማቾች ተሳካ። በ1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ምህዋር ስትልክ ደግሞ መስኩ ከአየር አልፎ ወደ ጠፈር ሰፋ።

ሥራውስ የት ነው?

በሀገራችን ቅርቡ በር የአቪዬሽኑ ነው። በ1945 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የጥገና ማዕከልና የሥልጠና ተቋም አለው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የምህንድስና ዲግሪ ብቻውን የጥገና ቴክኒሻን ፈቃድም የአብራሪነት ፈቃድም አይሰጥም። ሦስቱም የየራሳቸው ሥልጠናና ፈተና አላቸው። አውሮፕላን በእጁ መፍታትና መግጠም የሚሻ ወጣት የቴክኒሻኑን መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል።

የጠፈሩ ዘርፍ በሀገራችን ገና ጀማሪ ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይት በታኅሣሥ 2012 ከቻይና ተወንጭፋለች። ከገልፍ ሀገራት የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ወደ ማርስ የላከችው «አል አመል» በቀጣዩ ዓመት የካቲት ምህዋር ገብታለች። በአሜሪካ ለሚማሩ ልጆቻችን ደግሞ መታወቅ ያለበት አለ፦ ከሮኬትና ከሳተላይት ጋር የተያያዙ ብዙ ሥራዎች በቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሕግ ምክንያት በአመዛኙ ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች እና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች ብቻ ክፍት ናቸው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ይህን ሳያውቅ አራት ዓመት ቢለፋ ከምረቃ በኋላ በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስሙን ሳይሆን የኮርሱን ዝርዝር እንይ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ትምህርት በሁለቱም ስም ይሰጣሉ። የምህዋር ስሌትና የሮኬት ሞተር ካለበት ወደ ጠፈሩ ያዘነበለ ነው።

ሁለተኛ፣ መሠረቱ አንድ መሆኑን እናስታውስ፦ ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት፣ የመዋቅር ጥንካሬ፣ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ያላገኘ ተማሪ ተስፋ አይቁረጥ። በመካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቆ በማስተርስ ወደ ኤሮስፔስ መግባት የተለመደ መንገድ ነው።

ወላጆችም «ታዋቂ ነው» ከማለት በፊት ልጃቸውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ መሥራት የምትፈልገው ምንና የት ነው? መልሱ ሲታወቅ የትምህርቱ ስም ራሱ ይመጣል።